የጋለ ወንበር

ባሌ ላሊ በመውሊድ ጀልባ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ ሲሸነፍ የመንደራችን የማቶንዶኒ ሰው በሙሉ «ዓይኑ ነው» አለ። እኔ ደግሞ «የጀልባዋ ሆድ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እኔም ሰው አልሰማኝም ብዬ ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

ዓይኑ መድከሙን አልክድም። እራት ሲቀርብለት ዓሣውን ትቶ አጥንቱን የሚያነሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ጎረቤቴን እኔ መስላው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያጫውታት ዋለ። እሷም አዳምጣ፣ መክራ፣ አዝናለት ነው የሄደችው። ግን ጀልባ በዓይን አይሄድም። የሚነዳው ነፋስ ነው፣ የሚይዘው ደግሞ ከሥሩ የበቀለው ነገር ነው። ባሕር ውስጥ የቆመ ነገር ሁሉ ጢም ያበቅላል። መጀመሪያ እንደ ንፍጥ የሚያሟልጭ ነገር ይለብሳል። ቀጥሎ አረንጓዴ ሣር ይመጣል። ከሣሩ በኋላ ነጩ ቅርፊት ይለጠፋል፣ ያ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው። ከዚያ ወዲያ የምትነዳው ጀልባ አይደለም፣ ደሴት ነው።

የኛ ጀልባ ሲቲሪ ትባላለች። «ገመናችንን ሸፍን» ማለት ነው። የአምስት ቤት የጋራ ንብረት ናት። በአዘቦት ቀን እንጨትና አሸዋ ትጭናለች፣ በመውሊድ ደግሞ ላሙ ከተማ ፊት ለፊት ትወዳደራለች። መሪዋን የሚይዘው ሸሪኮቹ የተስማሙበት ሰው ነው። እስከ ዛሬ ላሊ ነበር። አሁን የእህቱ ልጅ አቱማኒ ከዳሬሰላም ተመልሶ መጣ። ወደብ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም ኖሮ የተመለሰ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ከትከሻው የሰፋ።

ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ ከሸሪኮቹ በዕድሜ ትልቁ፣ ምዜ ስካንዳ፣ ቤታችን መጡ። ሻይ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ዝናቡ የሚባለው ሲያልቅ ወደመጡበት ገቡ።

«ላሊ ወንድሜ፣ የሚመጣው መውሊድ የመጨረሻህ ነው። ካሸነፍክ መሪው ያንተ። ካላሸነፍክ ለአቱማኒ ትለቅለታለህ።»

ላሊ ስኳሩን ያማስል ጀመር። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

ላሊ ከዚያች መሪ በቀር የቀረው ነገር የለም። ልጆቻችን ሞምባሳ ገብተው ቀርተዋል። መሪዋን ከነጠቁት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አህያ ሲያልፍ ሰላም የሚል ሰው ነው የሚሆነው። ይህን እያሰብኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ለምንድነው የጀልባዋን ሆድ የማታዩት?» አልኩ።

«ቢ ምዋናሻ፣ ሆዷን የሚያስቀባው ራሱ ላሊ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ሲያስቀባ ደግሞ እናንተ ትመጡና ሞራው በዛ፣ ቆጥቡ ትላላችሁ! ኖራ ብቻ ቀብታችሁ ግድግዳ አስመሰላችኋት። ግድግዳ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ምዜ ስካንዳ ሳቁ። «እሺ። ዘንድሮ አንቺ እንደፈለግሽ ቀቅዪው። ሰበብ እንዳይኖር።»

ሰበብ አሉት። እኔ ግን ቃላቸውን ያዝኩ።

የኛ አሠራር ከባድ አይደለም። ባሕሩ ርቆ በሚሸሽበት ሰሞን ጀልባዋ አሸዋ ላይ ትጋደማለች። በደረቀ የዘንባባ ቅጠል ከሥሯ ይለበለባል፣ እንጨት በሊታው ትል እንዲሞት። ሣሩና ቅርፊቱ ይፋቃል። ከዚያ ሞራ ይቀልጣል፣ ከተቃጠለ የባሕር ድንጋይ የወጣ ኖራ ይነሰነስበታል፣ እንደ ገንፎ ይማሰላል፣ ሳይበርድ በእጅ ይቀባል። ሞራው ሣሩን ያንሸራትተዋል፣ ኖራው ትሉን ያቃጥለዋል። የሻርክ ዘይትም አለ፣ እሱ ግን ከውሃ በላይ ላለው እንጨት ነው፤ ከታች ከቀባኸው ባሕሩ በማግስቱ ልሶ ይጨርሰዋል።

ዘንድሮ ችግሩ ሞራ መጥፋቱ ነው። ዝናቡ በየብስ ያለውን መንገድ ቆርጦት ከብት ወደ ደሴቱ አልተሻገረም። ሥጋ ሻጩን ብለምነው፣ ያሉት በሬዎች ከነሞራቸው ለመውሊዱ ድግስ ተይዘዋል አለኝ።

ብዋናሄሪ ይህን ሰምቶ ኖሮ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ብዋናሄሪ ሦስቱንም ዓመት ያሸነፈን ሰው ነው። ቀጭን፣ ቀሚሱ ሁልጊዜ ነጭ፣ ሰላምታው ረጅም።

«ቢ ምዋናሻ፣ ሞራ ጠፋ አሉ። ምነው እንደኔ ቀለም ብትገዙ? የኔ ከሞምባሳ ነው የመጣው፤ ቀይ፣ መርዝ ያለበት። ቅርፊቱ ገና ሲሸተው ይሞታል።»

«ቀለምህ ፕሮፔለርህንም ይቀባል?» አልኩት። ዘንድሮ ጀልባው ላይ ሞተር አስገጥሞ፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የነሐስ ክንፍ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ነበር። በውድድር ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው፤ እሱ ግን ሞተሩን የገዛው ለመንዳት ሳይሆን ለመታየት ስለነበር አላወለቀውም።

«ነሐስ ላይ ቀለም አይዝም። ደግሞ ነሐስ ላይ ምን ይበቅላል? ነሐስ እኮ ነው!»

«አንተ ካልክ» አልኩና ሄድኩ።

የሄድኩት ሼላ መንደር ነው። እዚያ ኮኮናት የማስረክብበት የነጮች ሆቴል አለ። ወጥ ቤቱን የሚያዘው ሙስዮካ የሚባል ከመሐል አገር የመጣ የካምባ ሰው ነው። ዳሬሰላምም ብዙ ዓመት ሠርቷል። ደግ ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ አገሩ ባሕር ስለሌለ ባሕር ባየ ቁጥር ይገረማል።

«ሙስዮካ፣ ሞራ ይኖርሃል?»

«ሞራ? ለምንሽ ነው ማማ?»

«ለጀልባ ሆድ።»

«ጀልባም ሞራ ይበላል? በይ ነይ፣ ሁለት ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። ነጮቹ ጠዋት ጠዋት ከእንቁላል ጋር ሲጠበስላቸው የሚቀልጥ ነው። ልደፋው ነበር።» ክዳኑን ከፈተልኝ። ነጭ፣ ጥሩ፣ እንደ ቅቤ የረጋ። ከዚያ ወዲያና ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ማማ፣ እንድታውቂው ብዬ ነው። ኪቲ ሞቶ ነው።»

ኪቲ ሞቶ በኛ ቋንቋ የጋለ ወንበር ማለት ነው። የላሊ መቀመጫ መጋሉን፣ መሪውን ሊነጥቁት መሆኑን፣ ሼላ ድረስ ሰምተዋል ማለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«የጋለ ወንበር መሆኑን አንተ ልትነግረኝ ነው? ደሴቱ በሙሉ የሚያወራው ስለሱ አይደል!»

ሙስዮካ ደነገጠ። «ደሴቱ በሙሉ?»

«በሙሉ!»

«እና... ችግር የለውም?»

«ችግሩማ ራሱ ወንበሩ ነው። ለሱ ብዬ አይደል እዚህ ድረስ የመጣሁት? ስጠኝ አሁን።»

ቆርቆሮዎቹን አህያዬ ላይ እየጫነ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ እናንተን ጥብቅ ናችሁ ነበር የሚሉኝ። እንዲህ ገር መሆናችሁን አላውቅም ነበር።»

እኔ ገር ተብዬ አላውቅም። ዋጋውን ብጠይቀው «ለሚደፋ ነገር ዋጋ የለውም» ብሎ በነፃ ሰጠኝ።

ስቀቅለው ሽታው ከወትሮው ለየት ያለ ነበር። ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ «ምን እየጠበስሽ ነው ምዋናሻ፣ ምራቄን አመጣሽው» አለችኝ። ላሊም አጠገቤ ቆሞ አሸተተና «የዘንድሮው በሬ መልካም ሣር የበላ ነው» አለ። ኖራውን ነሰነስኩ፣ አማሰልኩ። ወንዶቹ ቀቡ። አቱማኒም ቀባ። ከላቡ ምክሩ ይበዛ ነበር፤ «አክስቴ፣ እዚህ ጋ አቅጥኚው፣ እዚህ ጋ አወፍሪው» ሲለኝ ዋለ። ሲቲሪ ሆዷ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ላሊ እጁን ዘርግቶ ዳበሳትና ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። እኔም ወንበሩ በረደ ብዬ ተኛሁ።

በውድድሩ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ይጋደማሉ። ሰው እየዞረ የሁሉንም ሆድ ያያል። ይዳስሳል፣ ያማል፣ ውርርድ ይገባል። ያን ቀን የኛን ከበዋት ሲያደንቁ፣ ምዜ ስካንዳም በጣታቸው ነክተው «እንዲህ የለሰለሰ አይቼ አላውቅም» ሲሉ፣ ሙስዮካ የዕረፍት ቀኑን ለውድድሩ ሰጥቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከሰው መሐል ብቅ አለ። ከሩቅ እጁን እያውለበለበ ጮኸ፦

«ማማ ምዋናሻ! የጋለው ወንበር እንዴት ሆነልሽ?»

«ዛሬ ይለይለታል!» ብዬ መለስኩለት።

አቱማኒ መዳፉን የጀልባዋ ሆድ ላይ እንዳሳረፈ ደረቀ። ቀስ ብሎ እጁን አነሳና አየው። ከዚያ ወደ ሙስዮካ ዞረ። «ምን አልክ አንተ? ኪቲ ሞቶ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ሁለት ቆርቆሮ። ሰጠኋት።»

«አሳማ ነው!» አቱማኒ ወደ ኋላ ዘሎ በአሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ሰዎች፣ አሳማ ነው! በዳሬሰላም አሳማን በስሙ አይጠሩትም፣ የጋለ ወንበር ነው የሚሉት! የቀባነው የአሳማ ስብ ነው!»

የከበባት ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ምዜ ስካንዳ ያቺን ጣታቸውን ከሰውነታቸው አርቀው እንደያዙ ጠየቁ፦

«አቱማኒ፣ አንተ ግን ከየት አወቅከው?»

ሁሉም ወደ አቱማኒ ዞረ።

«እኔ... በበሩ ሳልፍ ሲያወሩ ሰምቼ...»

«በየትኛው በር?»

«ወደብ ላይ ብዙ በር አለ» አለ አቱማኒ፤ እጁን አሸዋው ላይ ይፈትግ ጀመር።

ሙስዮካ መሬት ብትከፈት የሚገባ መሰለ። «ማማ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ! ደሴቱ በሙሉ ያውቃል አልሽኝ!»

«እኔ የባሌን ወንበር ነው ያልኩት!»

«ባልሽ ምን ወንበር አለው?»

ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሳቀው ብዋናሄሪ ነው። እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ፊቱን አስተካክሎ ሃይማኖተኛ ሆነ። «አስተግፊሩላህ! በነቢዩ ልደት ቀን! ይቺ ጀልባ ባሕሩን አትንካ። ሙአሊም ኢድሩስ ይጠሩ።»

ሙአሊም ኢድሩስ መጡ። የሚያስተምሩበት መስጊድ ቅርብ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሲሄዱ አይቸኩሉም፣ ሲናገሩ ደግሞ ይብሳሉ። ሁሉም ባንድ ላይ ሲጮህባቸው ቆመው ጠበቁ። ከዚያ የጀልባዋን ሆድ ዞረው አዩ።

«ስለ ጀልባ ሞራ መጠየቅ በእናንተ አልተጀመረም» አሉ። «ድሮም ተጠይቋል። ሊቃውንቱ ገዝቶ መሸጡ ነው ክልክሉ ወይስ መቀባቱም ብለው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ምዋናሻ፣ ገዝተሽው ነው?»

«በነፃ ነው የተሰጠኝ።»

«እንግዲያስ ከጥያቄው ግማሹ ወደቀ።»

«አሳማ መሆኑስ?» አለ ብዋናሄሪ።

«አሳማ መሆኑ አልወደቀም። ይታጠባል። ሰባት ጊዜ፣ አንዱ ጊዜ በአፈር። ጀልባዋም፣ የነካት እጅም።»

«ባሕሩ እኮ ሊመለስ ነው!» አልኩ።

«እንግዲያስ ቶሎ ጀምሩ» አሉና ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ላሊ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ቀሚሱን አወለቀ፣ ሽርጡን ጠበቅ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ የኮኮናት ልጥ አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያን ሁሉ ነጭ ሞራ በቢላ ገፈፉት። ውሃ ደፉ፣ ፈተጉ። እንደገና ደፉ፣ ፈተጉ። ለአፈሩ ባሕር ዳር ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ አመጡ፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት። በሱ ሲፈትጓት እኔ ቆሜ አያለሁ። ሦስት ዓመት የለመንኩትን ሞራ አገኘሁ ብል፣ በአንድ ጠዋት ገፍፈው አሸዋ ላይ ጣሉብኝ። ሞራ የሌላት ጀልባ እርቃኗን ናት። ላሊም በቃ ደጃፍ ላይ ሊቀመጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ብዋናሄሪ ግን ደስታው ወሰን አጣ። ነጭ ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጎ ከኋላቸው እየዞረ ይቆጣጠራል።

«እዚህ ጋ ነጭ ይታየኛል! ይታጠብ!»

ታጠበ።

«ከሥር፣ ከሥር! ያቺ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቷል። ለአኺራችሁ፣ ለወዲያኛው ዓለም ብዬ ነው ጎረቤቶቼ፣ እኔ ምን ጨነቀኝ?»

ስንጥቋ ተፋቀች፣ ታጠበች፣ በጭቃ ተለሰነች።

«ሰባቱን በትክክል ቁጠሩ! አምስተኛው ችኮላ ነበረበት፣ ይደገም!»

«ብዋናሄሪ» አሉ ሙአሊም ከጥላው ሥር፣ «አንተ ደግሞ ከሊቃውንቱ ባስክ።»

«ጥንቃቄ ነው ሙአሊም።»

አምስተኛው ተደገመ። ብዋናሄሪ እዚህ ሲጠነቀቅልን እኔ ንዴቴን ላበርድ ወደሱ ጀልባ ሄድኩ። ቀዩ ቀለም እውነትም ያምራል፤ አንድ ሣር አልበቀለበትም። ወደ ኋላዋ ዞርኩና ፕሮፔለሩን አየሁ። አበባ ጎመን ታውቃላችሁ? እንደሱ ነው የሆነው። ነጩ ቅርፊት ክንፉን ከላይ ከታች ለብሶት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፎ፣ ነሐሱ የት እንዳለ አይለይም። ቀለሙን የፈራው ቅርፊት ሁሉ እዚያ የተሰደደ ይመስላል።

ሰው ነኝና ነገርኩት። «ብዋናሄሪ፣ ፕሮፔለርህ ጢም አውጥቷል!»

«አንቺ አሳማሽን እጠቢ!» አለኝ። ሰው ሳቀለት። እኔም ከዚህ በላይ አልጨቀጨቅኩትም። ስጨቀጭቅ ነው ወይ የምኖረው?

ባሕሩ መጣ። የመጨረሻውን ውሃ የደፋላት ራሱ ባሕሩ ነው ማለት ይቻላል። ሲቲሪ ስትነሳ ሆዷን አየሁት። ጥቁር፣ ሙልጭ ያለ፣ አንድ የሚይዝ ነገር የሌለበት፣ የብዋናሄሪ ዓይን ያላረፈበት አንድ ጣት ቦታ የሌለው። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም። ያኔ ያሰብኩት እርቃኗን መሆኗን ነው።

ውድድሩን ሁላችንም ከከተማው ፊት ለፊት ካለው ግንብ ላይ ሆነን አየን። ጀልባዎቹ ሩቅ ያለውን በርሜል ዞረው ይመለሳሉ። ስትነሳ ሲቲሪ ኋላ ነበረች። ከጎኔ ያለችው ሴት «አይ፣ እጁም ደክሟል» ስትል ክርኔ ሳላዘው ጎኗን ነካት። ቀስ በቀስ ግን ሸራዎቹን እያለፈች መጣች። የብዋናሄሪ ጀልባ ሸራዋ እስኪያፏጭ ነፋስ ይዛለች፣ ግን አንድ ሰው ከኋላ በገመድ እንደያዛት ትንገታገታለች። ብዋናሄሪ መርከበኞቹን ሲሰድብ ግንቡ ድረስ ይሰማል።

በርሜሉ ጋ ሲደርሱ ሁሉም በሰፊው ዞሩ። ላሊ ግን ጠጋ ብሎ፣ በርሜሉን ሊስም ጥቂት ሲቀረው ነው ያዞራት። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ። ሲመለሱ ከፊቷ ማንም አልነበረም።

ማታ ስጠይቀው «በርሜሉን አላየሁትም» አለኝ። «ውሃው ሲመታው ሰማሁት። ሌላው ሰው ዝም ቢልማ ከዚህም እጠጋ ነበር።»

አሸነፍን። ወንበሩም በረደ ብላችሁ እንደሆነ፣ እኔም እንደናንተ ነበር ያሰብኩት።

ከጀልባዋ ሲወርዱ ላሊን የሳመው አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ አሳማው ነው። «ሰባት ጊዜ ታጥቦ እንኳ ይህን ያህል ከሮጠ!» ይላል አንዱ። «እንጨቱ ጠጥቶታል፣ ምን ቢታጠብ አይለቅም» ይላል ሌላው። «ቅርፊቱም እስላም ነው፣ አሳማ አይነካም» ብሎ የቀለደም ነበር። ጭቃው ነው፣ መፈተጉ ነው፣ የብዋናሄሪ ፕሮፔለር ነው፣ የላሊ እጅ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ሦስት ዓመት ሆዷ ነው ብዬ ስጮህ ያልሰማኝ መንደር፣ አሁን እጁ ነው ስል «አንቺ ራስሽ ሆዷ ነው ብለሽን የለም?» ይለኛል።

ሙስዮካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነገረኝ። ኮኮናት ላስረክብ ስሄድ ወደ ጓዳ ጎተተኝ።

«ማማ፣ ሰዎችሽ አላስቀምጥ አሉኝ። ትናንት አንዱ መጥቶ አህያው ታሞበት የሚቀባው ሞራ ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ብለው፣ የጋለ ቢሆን ይሻላል አለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያ ነጭ ለባሹ መጣ።»

«ብዋናሄሪ?»

«እሱ። ለፕሮፔለሩ ብቻ ነው አለኝ። እንጨት ይጠጣል፣ ነሐስ ግን አይጠጣም፣ ስለዚህ ችግር የለውም አለኝ። ደግሞ በነፃ ስጠኝ፣ ከገዛሁት ክልክል ነው አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

«የላም ሞራ ሰጠሁት። ሹክ ብዬ አሳማ ነው አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።»

ሳልስቅ ለመመለስ ብዙ ታገልኩ። ሳቄ ግን ማቶንዶኒ አልደረሰም። አቱማኒ ሸሪኮቹን ሰብስቦ ቆየኝ። ወንዶቹ በምዜ ስካንዳ ደጃፍ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተደርድረዋል። ላሊ ከዳር ተቀምጦ ምርኩዙን ያሽከረክራል። እኔም አልተጠራሁም፤ ስለዚህ ቆሜ አዳመጥኩ።

«አጎቴን አከብራለሁ» ይላል አቱማኒ። «ግን እውነት እንነጋገር። ያሸነፈው እሱ ነው? ሁላችሁም አይታችኋል፣ ያሸነፈችው በሆዷ ነው። በዚያ ሆድ ማንም ይነዳታል! ስምምነታችን ላሊ ካሸነፈ ነው እንጂ ሆዷ ካሸነፈ አይደለም።»

ምዜ ስካንዳ ጢማቸውን አሹ። «እውነት አለው» አሉ። «ልክ ነው» የሚልም ተሰማ። ላሊ ምርኩዙን ማሽከርከር አቆመ።

«ምዋናሻ ራሷ ትመስክር» አለ አቱማኒ ሲያየኝ፣ ደስ ብሎት። «አክስቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትዪ የነበረው ምንድነው? እጁ ነው ወይስ ሆዷ?»

ሁሉም አየኝ። ላሊ ደግሞ ወዳለሁበት ፊቱን አዞረ። ሊያየኝ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ግን አየኝ።

«ሆዷ ነው» አልኩ።

አቱማኒ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው!»

«ሦስት ዓመት ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። እኔ ቃሌን የምቀይር ሴት አይደለሁም። አንተስ አቱማኒ? በዚያ ሆድ ማንም ይነዳታል አልክ?»

«ማንም!»

«መሪ ነክቶ የማያውቅ ሰውም?»

«አዎ፣ እሱም።»

«ዳሬሰላም ሲሚንቶ ሲሸከም ኖሮ የመጣም?»

ሰዎቹ ሳቁ። አቱማኒ ትከሻውን ነቀነቀ። «እሱም ይነዳታል። ለዚያ አይደል የምለው!»

«ዓይኑ የደከመ ሽማግሌስ?»

አቱማኒ ዞሮ ሸሪኮቹን አየ።

«ማንም ብለሃል» አልኩት። «ላሊ ከማንም በታች ነው እንዴ? እጁ የማይጠቅም ከሆነ ዓይኑም አይጎዳም። እንግዲያው ማንም ይንዳት ካላችሁ ላሊ ይንዳት፤ መንገዱን የለመደ ማንም ነው። አይ፣ ሰው እንመርጣለን ካላችሁ ደግሞ እጅ ይጠቅማል ማለት ነው። ያሸነፈው እጅ የማን ነበር?»

ምዜ ስካንዳ ከልባቸው ሳቁ፣ ያቺን ጣታቸውን እያወዛወዙ። «አቱማኒ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ። አክስትህ በራስህ ገመድ አሰረችህ።» ሌሎቹም ተስማሙ። የተስማሙት ላሊ ይችላል ብለው አይደለም። ማን ቢይዛት ለውጥ የለውም ብለው ነው። እኔ ምን ቸገረኝ? መሪዋን በምንም ምክንያት ይተዉለት፣ የያዛት እጅ የላሊ ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ላሊ ፊት ፊት ሄደ። ደጃፍ ስንደርስ ቆመ።

«ማንም ነኝ?» አለኝ።

«መሪ የያዝክ ማንም ነህ።»

ከዚያ ቢላውንና የኮኮናት ልጡን አንስቶ ወደ ባሕሩ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲቲሪን በወር በወሩ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በጭቃ እንፈትጋታለን። ሸሪኮቹ ለሃይማኖት ጥንቃቄ ነው ይላሉ። ብዋናሄሪም አይቀርም፤ ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ መጥቶ «እዚህ ጋ ቀርቷል» ይለናል። እኛም እናጥባለን። የሱ ፕሮፔለር በላም ሞራ ተለስኖ አሁን በጣም ንጹሕ ነው፤ አሳማ ቀባሁ ብሎ ስለሚያስብ ግን ቀና ብሎ አያየኝም። አንድ ቀን እነግረዋለሁ። ዘንድሮ ግን አይደለም፣ መውሊድ እየደረሰ ነው።